ትከሻ እስኪነሳ

እጇ አያርፍም። ደንበኛ ሲጠፋ የፎጣውን ዘርፍ ትጎነጉናለች፤ ዘርፉ ሲያልቅባት የስልኳን ቻርጀር ገመድ ታነሳለች፤ እሱም ሲያልቅ ከመጋረጃው ተንጠልጥሎ የቀረውን ክር። ሰፈሩ «እጀ ብረት» ይላታል። ስሙን ያወጡላት እሷ ዘንድ ሹሩባ ተሠርተው ለቀናት ራሳቸውን ትራስ ላይ ማሳረፍ ያቃታቸው ሴቶች ናቸው። ታዲያ ስድብ እንዳይመስላችሁ፤ ምስጋና ነው። የእሷ እጅ ወር ቢሞላውም ንቅንቅ አይልም እየተባባሉ፣ ዓይናቸው ወደ ጆሯቸው ተስቦ፣ የራስ ምታት ክኒናቸውን በቦርሳቸው ይዘው በራፏ ላይ ይሰለፋሉ።

ቤቷ ጠባብ ናት። ሁለት ወንበር፣ ዳር ዳሩ የጠቆረ ረጅም መስታወት፣ ሲነሳ እንደ ወፍጮ የሚጮህ አንድ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ ጥግ ላይ ደግሞ የጥፍር ሠሪዋ ትንሽ ጠረጴዛ። ጥፍር ሠሪዋ ቀለም ስትቀባ እጇ ላባ ነው፤ ምላሷ ግን ሞረድ። ሁለቱ ሲያወሩ ያልለመደ ሰው የሚጣሉ ይመስለዋል።

እጀ ብረት ለሥራዋ ልክ አላት። ልኩ የተቀማጯ ትከሻ ነው። ፀጉሩን ከሥሩ ይዛ ስትስብ፣ ወንበሩ ላይ ያለችው ሴት ሳይታወቃት ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ከፍ ይላል። ያኔ እጀ ብረት «ይኸው፣ አሁን ያዘ» ትልና ከጥፍር የማትበልጥ ጭማሪ ስባ ትጎነጉናለች። ትከሻ ካልተነሳ አልጠበቀም፤ ካልጠበቀ አልተሠራም። ሃይማኖቷ ይኸው ነው። ደንበኞቿም ይህንኑ ያምናሉ። አንዷ ሳያማት ከተነሳች መስታወቱ ፊት ራሷን እየነካካች «ዛሬስ ደክሞሽ ነው መሰለኝ» ብላ ትሄዳለች።

ለማማር መታገሥ ነው ይባላል። ይሁን፤ ግን ትዕግሥትን ከሕመም ጋር ያጋባው ማን ነው? ሴት ልጅን ጫማው ሲነክሳት «ይለመዳል»፣ ቀበቶው ሲያንቃት «ያምርብሻል»፣ ፀጉሯ ከነሥሩ ሲነቀል «ቻይው»። ግድግዳ የሚጋራው የወንዶች ፀጉር ቤት ውስጥ ሰው ተላጭቶ፣ አንገቱን አስጠርጎ፣ እያፏጨ ይወጣል። እሱን «ቻለው» የሚለው የለም።

እጀ ብረት አንድ ልጅ አለቻት። ልጅቷን ሰው ሁሉ የሚያውቃት «ታፔላ» በሚል ስም ነው። አዲስ ዓይነት አሠራር በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚያርፈው እሷ ራስ ላይ ነዋ። እግሯ ከወንበሩ ላይ ተንጠልጥሎ መሬት ከማይነካበት ዕድሜዋ ጀምሮ ቅዳሜ ጠዋት ትሠራና ወደ ዳቦ ቤት፣ ወደ ሱቅ፣ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ዞር ዞር እንድትል ትላካለች። ሴቶች ያስቆሟታል። ማን ሠራሽ ይሏታል፤ እናቴ ትላለች፤ ከሰዓት በኋላ ወንበሩ ይሞላል። በሩ ላይ የተሰቀለው የቆርቆሮ ታፔላ ቀለሙ ከለቀቀ ዘመን ሆኖታል። እናቷ ግን ሁለት እግር ያለው ታፔላ እያለኝ ለቆርቆሮ ምን አደከመኝ ብላ አላስቀባችውም።

ልጅቷ ትንሽ ሳለች ታለቅስ ነበር። እናትየው ጉንጯን ሳም አድርጋ «ታፔላ ያለቅሳል እንዴ?» ስትላት ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ልጅቷም እንባዋን ጠርጋ አብራ ትስቃለች። ውላ አድራ ማልቀሱን ተወችው። ከዚያም ፊት መቋጠሩን። በመጨረሻ ትከሻዋን ራሱ እንደ ግድግዳ አቁማ መቀመጥ ቻለችበት። እናቷ ለደንበኞቿ በኩራት ታሳያት ነበር፤ እዩ፣ እንደ እሷ ቁጭ በሉ ትላለች።

አሁን ልጅቷ ለአቅመ ሥራ ደርሳ ጨርቅ መሸጫ ውስጥ ትሠራለች። ከሁለቱ ጆሮዎቿ በላይ፣ ግንባሯ ከፀጉሯ በሚገናኝበት ቦታ፣ መዳፍ የሚያህል መላጣ ግራና ቀኝ ወጥቶባታል። ለስላሳ ነው፣ ያብለጨልጫል። እናቷ ቅዳሜ ቅዳሜ በቅንድብ እርሳስ ታጠቁርላታለች፤ ከኋላ ያለውንም ፀጉር ጥብቅ አድርጋ ወደ ፊት በመሳብ ጠርዙን ትከልለዋለች። ለጊዜው ነው፣ ይመለሳል ትላለች። በሳበችው መጠን ጠርዙ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ በሸሸ መጠን ደግሞ አጥብቃ ትስባለች።

ጥፍር ሠሪዋ አንድ ቀን አልቻለችም።

«እትዬ፣ ሣር የጠፋበትን ሜዳ አረንጓዴ ቀለም ብትቀቢው ከብት አይጠግብም።»

«አንቺ ጥፍርሽን ጠብቂ» አለቻት እጀ ብረት። ነገሩ በዚያው ታለፈ።

ከዚያ ልብስ ሰፊዋ መጣች። ድሮ የሰፈሩን ዚፕ ስትቀይር የኖረች ሴት ናት፤ አሁን ዲዛይነር ሆናለች፤ ለዚህም ማንንም አላስፈቀደችም። በወጣቶች አዳራሽ የፋሽን ትርዒት ልታሳይ ነው። ልብሱን የሚያሳዩት ልጆች ሁሉ ፀጉራቸው ወደ ላይ ተስቦ፣ አናት ላይ እንደ ዘውድ ተጎንጉኖ፣ ግንባር ሁሉ ጥርት ብሎ እንዲታይ ፈለገች፤ ይህን የሚችል እጅ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ሥራውን ለእጀ ብረት ሰጥታ ስትወጣ ታፔላ ከመንገዱ ማዶ ስትመጣ አየቻት። አረማመዷን ቆማ ተመለከተች። ትርዒቱን የምትከፍተው እሷ እንድትሆን ጠየቀች።

ልጅቷ ለእናቷ ያልነገረችውን ለጥፍር ሠሪዋ ነገረቻት። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእማ ሳይሆን ለራሷ ልትራመድ ነው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አልወስድ አላት። ጨርቅ ስትለካ እግሯ ከመደርደሪያው ሥር ይራመዳል። እናቷም እንዲሁ፤ አዳራሹ ሙሉ የእኔን እጅ ሊያይ ነው እያለች የፎጣ ዘርፍ ጨረሰች።

የልምምዱ ቀን መብራቱ ተበራ። የመድረክ መብራት ምድጃ ማለት ነው። ታፔላ ክሬም ቀለም ያለው ባለ ኮሌታ ቀሚስ ለብሳ መድረኩ ጫፍ ደርሳ ከመመለሷ ላቡ መጣ፤ የቅንድብ እርሳሱ ሟሟ፤ ጥቁሩ በጆሮዋ ፊት ወርዶ ኮሌታው ላይ ተንጠባጠበ። ከልጆቹ አንዷ ሳቀች፤ ሌሎቹ ተከተሏት። ልብስ ሰፊዋ አልተቆጣችም። መሀረብ አቀበለቻት፣ ኮሌታውን አጥባ እንደምታደርሰው ነገረቻት፤ ከዚያም እናትሽ ነገ ከኋላ ጠበቅ አድርጋ ስባ ትሸፍነው አለች። መድኃኒቱ ሁሌም ያው ነው። ያጠፋውን ነገር ጨምሩበት!

በማግሥቱ፣ በትርዒቱ ቀን፣ የሌሎቹ ልጆች ዘውድ ቀድሞ አልቆ ነበር። አግዳሚው ላይ ተደርድረው አንገታቸውን ሳያዞሩ በዓይናቸው ብቻ ይተያያሉ። ክኒን ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። የቀረችው ታፔላ ናት። ወንበሩ ላይ ወጣች፤ ትከሻዋን እንደ ልማዷ አቆመች።

እናቷ ከጆሮዋ በላይ ያለውን ፀጉር በሚዶው ጭራ ለይታ ያዘችና ሳበች። ትከሻውን ጠበቀች። አልተነሳም። ጨመረች። አልተነሳም። ገና ነው ማለት ነው። ክርኗን ከፍ አድርጋ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ አሁንም ሳበች። የሆነ ነገር እንደ ደረቅ ክር ጠስ አለ። እጇን ስታይ አንድ ጭብጥ ፀጉር ከነነጭ ሥሩ ጣቶቿ መሀል ቀርቷል። ልጅቷ መስታወቱ ውስጥ ቅንድቧን እየተመለከተች ነበር። ምንም አልሆነችም።

«አላመመሽም?» አለች እናትየው።

«እዚያ ጋ አያመኝም።»

«እንዴት አያምሽም? ከመቼ ጀምሮ?»

«እኔ እንጃ እማ። ቆይቷል።»

«ለምን አትነግሪኝም ታዲያ?»

«ስችለው ደስ ይልሽ ነበር» አለች ልጅቷ። «ከዚያ ለመድኩት።»

ካስኩ ይጮሃል። ጥፍር ሠሪዋ ብሩሿን አንስታ ቀርታለች፤ ደንበኛዋ ግማሽ የተቀባ እጇን እንደዘረጋች ነው። እጀ ብረት ቆመች። ስንት ራስ አልፏል በዚህ እጅ! ሁሉም ትከሻውን ሲያነሳ እጇ እዚያ ቆሟል፤ ቢያምም ወሰን ነበረው። አንድ ራስ ብቻ ወሰን አልነበረውም። ትከሻ እንዳይነሳ ያስተማረችው ራሷ፣ ያልተነሳውን ትከሻ ስትጠብቅ ቅዳሜን በቅዳሜ ላይ እየጨመረች ስትስብ የኖረችው ራሷ። ከሰው ልጅ ሁሉ አጥብቃ የሳበችው የገዛ ልጇን ነው፤ እሱንም በፍቅር። ክፉ ሰው እኮ ቢሆን ይደክመዋል፤ ያርፋል። በፍቅር የሚጎዳ ሰው አይደክመውም።

ሚዶውን ገለበጠችና በጭራው የጀመረችውን መፍታት ጀመረች። ከዚያም ከቀድሞው ሳምንት የቀረውን። ከዚያ ከአናት ያለውን ሁሉ። እጇ ሲጎነጉን የሚበር ነበር፤ ሲፈታ ግን መንገዱን አያውቀውም።

ስልኩ ጠራ። ልብስ ሰፊዋ ናት። እጀ ብረት ልታነሳው ብትሞክር ገመዱ እንደ ጅራፍ ተጎንጉኖ ከመስታወቱ እግር ጋር ታስሯል። ጥፍር ሠሪዋ ተነስታ፣ ይሄንንም አላረፍሽውም አይደል እያለች፣ ገመዱን ነቅላ፣ ጥሪውን ከፍታ፣ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ጨርሳችኋል ወይ ይላል ስልኩ። መልሱን የሰጠችው ልጅቷ ናት።

«እኔ እንዲሁ ነው የምመጣው። ሳልሠራ።»

ልብስ ሰፊዋ ግንባር ሁሉ ጥርት ብሎ ይታያል ተባብለን አልነበረም ወይ ብላ ጀመረች።

«የኔማ ከሁሉም በላይ ይታያል» አለች ታፔላ። «ከጆሮ እስከ ጆሮ ግንባር ነኝ።»

አግዳሚው ላይ ያሉት ልጆች መሳቅ እያማቸው ሳቁ። ልብስ ሰፊዋ ተነፈሰች፤ አዳራሹ እየሞላ ነው፣ ሌላ ከፋች ከየት ታመጣለች? ነይ ብቻ ብላ ዘጋች።

እናትየው ፎጣ ይዛ መጣች፣ ፀጉሩን በለብታ ውሃ አጠበች፣ ቅባት በጣቷ ጫፍ አስነካችው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ አንገቷን አላቀናችም። እርሳሱን ከመሳቢያው አወጣችና መልሳ አስቀመጠችው።

«ሰው ያያል» አለች ቀስ ብላ።

«ይይ።»

«የእጇ ሥራ ነው ይሉኛል።»

«ነው እኮ እማ» አለች ልጅቷ። ቁጣ አልነበረባትም። ቁጣ ቢኖርባት ለእናትየው ይሻላት ነበር።

አዳራሹ ውስጥ እጀ ብረት ወንበር እያለ አልተቀመጠችም፤ ከኋላ በሩ ጋ ቆመች። እጇ የሻርፗን ዘርፍ አግኝቷል። ሙዚቃው ተለቀቀ፣ መብራቱ በራ፣ ልጇ ወጣች። ኮሌታው ታጥቦ ንጹሕ ነው። አጭር፣ ለስላሳ፣ እንደ ልቡ የቆመ ፀጉር፤ በሁለቱም ጎን መብራቱ ላይ የሚያብለጨልጭ ባዶ ቦታ። ቀጥ ብላ ተራመደች። መሀል ላይ ደርሳ ስትዞር ጉርምርምታ ተሰማ፤ እሷም ሰማችው፤ እርምጃዋ ለአፍታ ተዛነፈ፤ ከዚያ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ከፍ አለ። ማንም ሌላ ሰው አላስተዋለውም። እናቷ አየችው። ያን ሁሉ ቅዳሜ የጠበቀችው ትከሻ፣ እጇ በማይደርስበት ቦታ ተነሳ። ልጅቷ ቀስ አድርጋ አወረደችውና መንገዷን ጨረሰች።

«ይቺ ታፔላ አይደለችም እንዴ?» አለች ከፊት የተቀመጠች ሴት ለጓደኛዋ። «ፀጉሯን ምን በላው?»

«እኔ» አለች እጀ ብረት ከኋላቸው።

ሴትየዋ ዘወር ብላ አወቀቻት፤ ስትቀልድ መስሏት ፈገግ አለች። እጀ ብረት ፈገግ አላለችም። እጇ ላይ ያለውን የሻርፕ ዘርፍ ተመለከተችው፤ ጠብቆ ተጎንጉኖ ደንድኗል። በጥርሷ ጭምር ፈታችው።

ከዚያ ወዲህ እጀ ብረት ትከሻ ሊነሳ ሲል ትለቃለች። ደንበኞቿ አልወደዱትም። ይላላብኛል፣ ትንሽ ጨምሪበት ይላሉ። አልጨምርም ትላቸዋለች፤ ምክንያቱን ሲጠይቋት ልጇ ካለች ጠርታ የልጅቷን ራስ ታሳያቸዋለች። አንዳንዶቹ ደንግጠው ይቀመጣሉ። ሌሎቹ፣ ያው ክኒን በቦርሳ የሚይዙት፣ መንገድ ተሻግረው እንባ እስኪመጣ የምትስብ ሌላ ሴት አግኝተዋል፤ ዓይናቸውን ወደ ጆሯቸው አስስበው በበራፏ ሲያልፉ ሰላም ይሏታል። ጥፍር ሠሪዋ «እንግዲህ እትዬ፣ አሁን ስምሽን ማን እንበለው?» ትላታለች። የሰፈሩ ስም አፍ ከለመደው አይለቅም።

የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄደዋል። ሥሩ ካልሞተ ይመለሳል፣ ከሞተ አይመለስም፤ የቱ እንደሆነ የሚለየው ጊዜ ነው፣ አትነካኩት አላቸው። ለሌላ ሰው ይህን ማለት ቀላል ነው። እጀ ብረት ጠዋት ጠዋት ልጇ ወደ ሥራ ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ታስቆማታለች፣ አገጯን ይዛ ወደ ብርሃኑ ታዞራታለች፣ ጠርዙ ላይ አንዲት ጭላንጭል ፀጉር ትፈልጋለች። አንዳንድ ቀን ያየች ይመስላታል። አንዳንድ ቀን ጥላ ይሆናል።

«ተዪው እማ» ትላታለች ልጅቷ እጇን ቀስ አድርጋ እየመለሰች። «በመነካካት አይበቅልም።»

እናትየው እጇን ትሰበስባለች። ልጅቷ ማዕዘኑን እስክትታጠፍ በዓይኗ ትከተላታለች፤ ከዚያ ዞር ብላ የፎጣውን ዘርፍ ትፈልጋለች።