ብልሽት ወይስ ምርኮ

ባለፈው ሳምንት ለጉዳይ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ፣ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ የሥራ ፈተና ውጤት ዙሪያ ወጣቶች ሲጋፉ አየሁ። አንዷ ስሟን በጣቷ ፈልጋ አጣችው። አብሯት የመጣው ልጅ «ሰው ከሌለሽ ፈተና ምን ያደርግልሻል!» አላት። የሄድኩበትን ረስቼ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። እርጅና ለዚህ ለዚህ ደግ ነው፤ ለምን ቆምሽ ብሎ የሚጠይቅሽ የለም።

በደርግ ጊዜ፣ ገና ሃያ ሁለት ዓመቴ ሳለ፣ ንፋስ ስልክ አካባቢ በነበረ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። እንግሊዝኛዬ ደህና ስለነበር ትርጉምም ይጣልብኝ ነበር። በፈተና የገባሁ እንዳይመስላችሁ፤ አጎቴ ሦስት ወር ሙሉ ደጅ ጠንቶልኝ ነው። ያኔ «ሰው አላት» መባል አያሳፍርም ነበር፤ እንዲያውም ያኮራል።

ያን ክረምት የአንድ ታይፒስት ቦታ ተከፍቶ ፈተና ወጣ። ከተፈታኞቹ አንዷ የመካኒሳ አቦ ጎረቤቴ ዘይነባ ነበረች። ልብስ ሰፊ የነበሩት አባቷ ዓይናቸው እየደከመ፣ ታናናሾቿን የማሳደጉ ነገር እሷ ላይ እየወደቀ ነበር። ውጤቱን የተየብኩት እኔ ነኝ፤ ዘይነባ አንደኛ ወጣች። ዝርዝሩ ግን ሳይለጠፍ የመሥሪያ ቤታችን ካድሬ፣ ጓድ ምንዳዬ፣ መሳቢያ ውስጥ ገባ። አምስተኛ የወጣው ልጅ ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ መምጣቱን ሁላችንም ሰምተናል።

በዚያው ሳምንት ጓድ ምንዳዬ ለዓርቡ የውይይት ክበብ ተርጉሜ እንዳነበው አንድ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሰጠኝ። «የኢምፔሪያሊስቶቹን ጉድ ሠራተኛው ይስማ» አለኝ። ጽሑፉ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካኖች የመንግሥት ሥራ እንዴት ይሰጣጡ እንደነበር የሚያወራ ነው። ፓርቲ ባሸነፈ ቁጥር የፖስታ ቤቱ ሹምም የጉምሩኩ ጸሐፊም ይባረርና ቦታው ለቀሰቀሰ ደጋፊ ይታደላል። ኋላ ሲመራቸው በፈተና መቅጠር ጀመሩ፤ እንዲያም ሆኖ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ድረስ አዲስ ፕሬዚዳንት በመጣ ቁጥር ፈተና የማይጠየቅበት ቦታ ፈላጊው በሩን ያጣብብ ነበር። በጣም ገረመኝ። አሜሪካንም ደጅ ይጠናል? አጎቴ ጋቢውን አደግድጎ እንደቆመው፣ እነሱም ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመው ታዩኝ።

አንድ ቃል ብቻ አስቸገረኝ። የዚያን አሠራር ስም «ስፖይልስ ሲስተም» ይለዋል። እኔም መዝገበ ቃላት ሳልገልጥ «የብልሽት ሥርዓት» ብዬ ጻፍኩ፤ ወተት ሲበላሽ የሚባለው ቃል ነው ብዬ። ረቂቁን ለመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ለአቶ ታፈሰ አሳየኋቸው። አቶ ታፈሰ በንጉሡም ጊዜ እዚያው የነበሩ፣ እንግሊዝኛ አዋቂ ሰው ናቸው። ሻይ ቤት ይዘውኝ ገቡና ፉርኗቸውን ሻይ ውስጥ እየነከሩ አነበቡት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል።

«ልጄ፣ ብልሽት አይደለም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ምርኮ ነው። ጦር አሸንፎ የሚወስደው። ያሸነፈ ፓርቲ ወንበሩን ሁሉ ማረከ ማለታቸው ነው።»

«እኛስ ምን እንለዋለን?»

«እኛማ ስምም አላወጣንለት፤ ተረት ብቻ ነው ያለን። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል።» ሳቁ፤ ወዲያው ግን ሳቃቸው ጠፋ። «ብልሽት ካልሽ የአሜሪካ ነገር ሆኖ ያልፋል። ምርኮ ካልሽ ግን አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ያ ደብዳቤ ትዝ ይለዋል። እንግዲህ የምታነቢው አንቺ ነሽ።»

ሁለት ቀን ቃሉን በአፌ ሳመላልስ ሰነበትኩ። ፈርቻለሁ፤ ያኔ ሰው በአንድ ቃል ይጠፋ ነበር። ደግሞ ምርኮ ብል ምን ይሆን ይሆን የሚለው ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ እርጥብ ካፖርት በሚሸተው አዳራሽ ውስጥ ቆሜ አነበብኩ። ቃሉ ጋ ስደርስ «የብልሽት ሥርዓት» አልኩ። ጓድ ምንዳዬ አጨበጨበ። አቶ ታፈሰ ጫማቸው ላይ የደረቀውን ጭቃ ያዩ ነበር።

ሰኞ የዚያ የአምስተኛው ልጅ ስም ብቻውን ተለጠፈ። ከሥራ ስመለስ ዘይነባ ሰፈራችን መግቢያ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። የተጠበሰ የበቆሎ እሸት ይዛ ነበር፤ ግማሹን ሰብራ ሰጠችኝ።

«ስንተኛ ወጣሁ? መቼም አንቺ ሳታዪው አትቀሪም።»

እውነቱን ብነግራት አቤት ማለቷ አይቀርም፤ አቤት ስትል ደግሞ ማን ነገረሽ ትባላለች።

«ሰባተኛ» አልኳት።

«ወይኔ! ጥሩ የሠራሁ መስሎኝ ነበር እኮ።» ከእሸቱ ጥቂት ፍሬ ፈለፈለችና፣ «ለካ ፈተና አይሆንልኝም» አለች።

ዘይነባ ዛሬ ፉሪ ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላት፤ ኑሮዋ ከእኔ ጡረታ በብዙ ይሻላል። ከዚያ ወዲህ ግን አንድም ፈተና ላይ ተቀምጣ አታውቅም። የልጅ ልጆቿ ክፍል ሲደግሙ «በእኔ ወጥተው ነው» እያለች ስትስቅ ሰምቻታለሁ።

ያኔ ምርኮ ብል ኖሮ ሥራውን ታገኝ ነበር? አይመስለኝም። ስለ ቃሉ ራሴን ይቅር ካልኩ ቆየሁ። ሰባተኛ ስላልኩት ግን አልቻልኩም። ደርግ ከሄደ ስንት ዘመኑ፤ ካድሬውም የለም፣ አቶ ታፈሰም አርፈዋል፤ አንደኛ መውጣቷን የማውቅ እኔ ብቻ ቀርቻለሁ። በየኢዱ ቤቷ እሄዳለሁ። ዛሬስ ልንገራት ብዬ አፌን ስከፍት ታጎርሰኛለች፤ እኔም እውጠዋለሁ።