የእህቴ ዶሮዎች ቀለብ

ዛሬ ጠዋት የጎረቤት ዶሮ እንቁላል ጥላ ስታስካካ ነቃሁ። እንቁላሉን ከድመት ቀድሜ ላነሳ ብድግ አልኩ። ከዚያ ዶሮ እንደሌለኝ ትዝ አለኝ። እህቴም እንደሌለች። ካረፈች ገና ዓመት አልሞላትም።

ዶሮዎች የነበሯት በጃንሆይ ጊዜ ነው። ከጃጁራ መጥቼ ሆሳዕና ስማር የምኖረው እሷ ያገባችበት ቤት ነበር። ባሏ አስተማሪ ነው፤ ሩቅ ስለተመደበ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። ቤቱን የሚያዙት የባሏ እናትና አባት ነበሩ። እነሱ መኝታና እራት አልነፈጉኝም። ደብተርና ቀለም ግን ከእህቴ ዶሮዎች ነበር፤ እንቁላሉን ባለሱቁ ይለውጥልኛል። ዶሮዎቹ ከሌሉ ትምህርቴም የለም።

በበጋ ከእንሰቱ ሥር ጭረው ይጠግባሉ። ክረምት ሲገባ ጓሮው ጭቃ ይሆናል፤ ቆጡ እርጥብ ላባ ይሸታል። እህል ካልተሰጣቸው መጣል ያቆማሉ። እህሉ ደግሞ ገብስ ነው፤ ጎተራው ስለሚጎድል የባሏ እናት እየሰፈሩ ነበር የሚያወጡት።

እህቴ ገብስን በስሙ አትጠራም ነበር። በእኛ ዘንድ ምራት የባሏን አባት ስም አትጠራም፤ እንደ ስማቸው የሚጀምር ቃልም ከአፏ አይወጣም። በሀዲይኛ የገብስ ስም አጀማመሩ ከእሳቸው ስም ጋር አንድ ነው። ስለዚህ «ጢማሙ» ትለዋለች። «ጢማሙ ተቆልቷል፣ ና ብላ» ስትለኝ ሳቄ ይመጣል። ሽማግሌውም ጢማም ነበሩ።

አንድ ቀን የባሏ እናት ከቆጡ ሥር፣ ጭቃው ላይ፣ የገብስ ፍሬ አገኙ። እህቴን አስጠሯት።

«ዶሮዎችሽ ትምህርት ቤት ሊገቡ ነው ስንቅ የምትቋጥሪላቸው?»

ከጎተራው የተነካ ከሆነ ነገውኑ ገበያ ይወጣሉ አሉ። እህቴ ጢማሙን እንዳልነካች ተናገረች።

«ጢማሙ ማነው? በስሙ ጥሪውና ማዪልኝ።»

እህቴ አጎነበሰች። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይንጣጣ ነበር። ከዚያ በአማርኛ ተናገረች።

«ገብስ ናት። የእኔ ምሳ ናት። ከጎተራ አልወሰድኳትም።»

ጮክ ብዬ ሳጠና እየሰማች የለቃቀመችው አማርኛ ነው። ገብሱን ሴት አደረገችው። በአማርኛ ግን ስሙን መጥራት ክልክል አልነበረም።

የባሏ እናት አማርኛ አይሰሙም፤ ወደ ባላቸው ዞሩ። እሳቸው በመሬት ክርክር ፍርድ ቤት ሲመላለሱ ለምደውታል።

«ምሳዋን ነው የሰጠቻቸው» አሉ። ቀጥለውም፣ «ስሜንም አልጠራችም። ለዶሮዎቹ ለብቻ ስፈሪላቸው» አሉ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ «እኔ ቀድሜ በላሁ» የምትለኝ ነገር ያኔ ነው የገባኝ።

ከማግስቱ ጀምሮ ለዶሮዎቹ ተሰፈረላቸው። ጥቂት ነው፣ ግን ተሰፈረ። እህቴም የድርሻዋን ቆሎ ይዛ አጠገቤ መቀመጥ ጀመረች። እኔ አነባለሁ፣ እሷ ትቆረጥማለች። አንድ ቀን ፈተና ደርሶብኝ፣ ድምፁ ረበሸኝና «ቀስ በይ» አልኳት።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ፍሬ አፏ ውስጥ እስኪለሰልስ እያቆየች ትበላው ነበር።