ስንዴ ላይ የተዘረጋው ፊልም

ንጋት፤ ደብረ ማርቆስ

ከመነኸሪያ የወጣነው ጎህ ሲቀድ ነው። መጋቢት ቢሆንም የማርቆስ ጠዋት አይታመንም፤ ጃኬቴን እስከ አንገቴ ቆልፌያለሁ። ጭኔ ላይ ያረጀ የቪዲዮ ማጫወቻ የያዘ ቦርሳ አለ። ሹፌሩ «ከላይ እንጫነው» ቢለኝ ዓይኔን አፈጠጥኩበት። ከዚያ በኋላ እስከ አማኑኤል ድረስ አላናገረኝም።

ለማያውቀኝ አንባቢ ልናገር፤ እኔ ጥሩ ፊልም አልወድም። የምወደው ሰው የረሳውን፣ መጀመሪያውንም ማንም ያልጠየቀውን ፊልም ነው። መንፈሱ የእጅ ሰዓት አስሮ የሚመጣበት አስፈሪ ፊልም፤ በጥይት የሞተው ካውቦይ ትንሽ ቆይቶ ከኋላ ቆሞ የሚታይበት ፊልም፤ መጨረሻው ጠፍቶ ፍቅረኞቹ እስከ ዛሬ ያልተጋቡበት የህንድ ፊልም። እነዚህን ሱቅ ገብተህ አታገኛቸውም። በየወረዳው ከተማ የነበሩት ቪዲዮ ቤቶች ሲዘጉ ካሴቶቹ ሣጥን ውስጥ፣ ቆጥ ላይ፣ አልጋ ሥር ቀሩ። እኔ እነሱን እየለቀምኩ እዞራለሁ። ባለቤቴ «ሥራ ፈት» ትለኛለች፤ አልተሳሳተችም።

የዛሬው መንገድ ግን የራሴ ብቻ አይደለም። ባንቺአምላክ ፍኖተ ሰላም የምታስተምር ወጣት መምህርት ናት። ስለ ድሮ ቪዲዮ ቤቶች የጻፍኩትን አንብባ ደወለችልኝ። አባቷ ልየው እዚያው ከተማ ተርጓሚ ነበር። ያኔ የውጭ ፊልም ሲታይ አንድ ሰው ማይክ ይዞ ከቴሌቪዥኑ ጎን ይቆምና ተዋናዮቹ የሚሉትን በአማርኛ ይናገራል። ልየው ከቅኔ ቤት ያቋረጠ ዲያቆን ነው፤ እንግሊዝኛ አንዲት ቃል አያውቅም ነበር አሉ። ተመልካቹ ግን እሱ ከሌለ ትኬት አይቆርጥም። ባንቺአምላክ ዓመት ሳይሞላት ልየው ሞተ።

«የከተማው ሰው ሁሉ ድምፁን ያስታውሳል፤ የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ» አለችኝ በስልክ። «ደግሞ ‹ከእናትሽ ጋር ተኳርፈው ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ አላቀፈሽም› ይሉኛል። እናቴ ስለሱ ስጠይቃት ቃል አይወጣትም። ጋሼ፣ ድምፁን ብሰማ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር አላጣውም።»

የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት የነበሩት አያ ስማቸው አንድ አስፈሪ ፊልም ከነልየው ድምፅ ቀድተው አስቀምጠዋል። ካሴቱ አንድ ብቻ ነው፤ ቅጂ የለውም። ስትለምናቸው «በማያውቅ እጅ ይበጠሳል፤ የሚያውቅ ሰው ይዘሽ ነይ» አሏት። የሚያውቀው ሰው እኔ ነኝ መሰለኝ።

ረፋድ፤ ደምበጫ

መኪናው ለቁርስ ቆመ። ጾም ስለሆነ ምርጫው ሽሮ ወይም ሽሮ ነው። በልቼ ሳልጨርስ አንድ የማውቀው የእህል ነጋዴ ሦስት ካሴት በፌስታል ይዞልኝ መጣ።

አንዱ የካራቴ ነው፤ ዋናው ተዋጊ ዓይነ ስውር ወጥ ቤት ነው፤ ጠላቶቹን በጭልፋ ይመታል። ሁለተኛው ካውቦይ። ሦስተኛውን ሳየው የጠቀለልኩትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩት። ሽፋኑ ላይ ጨረቃ ላይ የቆሙ ሁለት ሰዎች አሉ፤ እግራቸው ሥር ሣር በቅሏል።

ይኸን ፊልም ተማሪ እያለሁ አይቼዋለሁ። ስሙን አላውቅም፣ የማን አገር እንደሆነም አላውቅም። «ጨረቃ ላይ ሣር የሚታጨድበት ፊልም አለ» ስል ጓደኞቼ ይስቁብኛል፤ አንዱማ እስከ ዛሬ «ሣሩ» እያለ ነው የሚጠራኝ። እንግዲህ አፋቸውን የማስይዝበት ቀን መጣ። ካሴቱን እንደ አራስ ልጅ በፎጣ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ አስተኛሁት።

ሹፌሩ ጥሩንባውን ይነፋል። «ወንድሜ፣ መንገዱ ከሰዓት በኋላ እምነት የለውም! ዛሬ ደግሞ ወሬው ደስ አይልም፤ ነገ ይዘጋል ይላሉ።»

ጅጋን እንዳለፍን ፍተሻ አስወረደን። ሁላችንም ጎን ለጎን ቆምን። ፈታሹ ቦርሳዬን ከፍቶ ማጫወቻውን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«የድሮ ቪዲዮ ማጫወቻ ነው።»

«እነዚህ ጥቋቁሮቹስ?»

«ፊልም።»

«የምን ፊልም? የት የተቀረጸ?»

«ጨረቃ ላይ» ልል ነበር፤ ምላሴን ነከስኩ። ቀልድ የት እንደሚገባ ሁልጊዜ አላውቅም፣ ዛሬ ግን አወቅኩ። ፈታሹ ካሴቱን ወደ ጆሮው አስጠግቶ ነቀነቀው። ከጎኔ ያሉት አሮጊት ጸሎት ጀመሩ። ፈራሁ፤ ለራሴም ለካሴቱም። በመጨረሻ አንድ ጠና ያለ ባልደረባው መጣና አየው።

«ተወው፣ የቪዲዮ ቤት ነው። እኔም በልጅነቴ ስንት ቀን ከትምህርት ቤት ፎርፌበታለሁ።»

መኪናው እንደገና ሲንቀሳቀስ ካሴቱን መልሼ በፎጣ ጠቀለልኩት።

ቀትር፤ ፍኖተ ሰላም

ባንቺአምላክ መነኸሪያው በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ክፍለ ጊዜዋን ለጓደኛዋ ሰጥታ ነው የመጣችው። ቀጭን ናት፤ ስትናገር እጇን ታፍተለትላለች። ቀጥ ብለን ወደ አያ ስማቸው ቤት ሄድን። ሰውየው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ እኛን ሲያዩ አልተነሱም። አንገታቸውን ሲደፉ አንድ ነገር እንደተበላሸ ገባኝ።

«ልጄ፣ ጉድ ሠራሁሽ» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሳቸው ጸበል ሄደው ሳሉ የእህታቸው ባል አያ ይርጋ ከቡሬ ማዶ ደወሉላቸው። የመስኖ ስንዴው ሊደርስ ነው፤ ግሪሳ ወፍ መጥቶበታል፤ ያረጀ ካሴት ካለ ስጠኝ አሏቸው። እዚህ አገር የካሴት ክር በማሳ ዳር ዳር ይወጠራል። ነፋስ ሲመታው ይጮኻል፣ በፀሐይ ያብለጨልጫል፣ ወፍ ይሸሸዋል።

«‹ከበሩ ኋላ ያለውን ሣጥን ውሰድ› አልኩት» አሉ አያ ስማቸው። «የተበላሹት ያሉበትን ማለቴ ነበር። ቤቴ ሁለት በር እንዳለው ረሳሁት። እሱ ከጓሮ በር ገብቶ የልየውን ሣጥን ወሰደው። ትናንት ማታ ከጸበል ስመለስ ነው ያወቅኩት።»

«አልደወሉለትም?»

«ስልኩ አይሠራም። ሌሊቱን አልተኛሁም።»

ባንቺአምላክ አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችምም። «ካሴቱ ምን ምልክት አለው?» ብቻ አለች።

«ጀርባው ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም መስቀል አለበት። የባለቤቴ ቀለም ነው፤ ነፍሷን ይማርና።»

ሚኒባስ ጠብቀን የምንደርስበት ጊዜ አልነበረም። ከታሪፉ በላይ የጠየቀ ሹፌር ለመንን፤ «ቡሬ ላይ አወርዳችኋለሁ እንጅ አልጠብቅም» አለ። እኔ መንገድ ላይ ያለማቋረጥ የማወራ ሰው ነኝ። ማንኩሳን እስክናልፍ ግን አፌን ዘግቼ የነፋሱን አቅጣጫ ነበር የማየው።

ከሰዓት በኋላ፤ ከቡሬ ማዶ

ከቡሬ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር። ወንዙን ተሻግረን ዳገቱን ስንጨርስ ማሳው ታየን፤ ከማየታችን በፊት ግን ሰማነው። አንድ ረዥም፣ የሚርገበገብ እሪታ ከስንዴው ይመጣል። ክሩ ከችካል ችካል ተወጥሮ በፀሐይ ያብለጨልጫል፤ ወፎቹ ማዶ ዛፍ ላይ ሰፍረው ያዩታል። ባንቺአምላክ መሮጥ ጀመረች።

አያ ይርጋ ከማማቸው ወረዱ። ስድሳ ያለፉ፣ ጋቢያቸውን ያገለደሙ ሰው ናቸው።

«እንዴት ዋላችሁ? በደኅና ነው ሩጫው?»

መልስ ሳንሰጣቸው ቀዩን መስቀል አየሁት። ካሴቱ ከማሳው ጥግ ችካል ላይ ተንጠልጥሏል። የፊልሙ ግማሽ ወጥቶ ስንዴው ላይ ተወጥሯል፤ ግማሹ ገና ውስጡ ነው። የወጣው አቧራና ፀሐይ በልቶታል፣ በየችካሉም ተቋጥሯል፤ ከእንግዲህ አይሆንም። ውስጡ ያለው ግን ደኅና ነበር።

ባንቺአምላክ ነገሩን ከሥሩ ነገረቻቸው። አያ ይርጋ እስከ መጨረሻው ሰሙ፤ ልየውንም አስታወሱት። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ ውሰጅ ማለት ለአፌ ቀላል ነው። ስንዴው ግን ወተት ቋጥሯል። ግሪሳው ትናንት የጎረቤቴን ማሳ እንደ ምላጭ ላጨው። ሌላው ካሴት ሁሉ አልቋል፤ የቀረኝ ይኸ ነው፤ የወንዙን ወገን ልዘጋበት ነው። ውሰጅ ብዬሽ ወፉ ሲገባ ዓመቱን ሙሉ ስረግምሽ ከምኖር፣ ዛሬውኑ ብትቀየሚኝ ይሻለኛል።»

ተቆጣሁ። ከዚያ የቤተሰባቸው ዓመት እዚያ ማሳ ላይ እንደቆመ አየሁና ቁጣዬ አፈረ። ባንቺአምላክ አልተከራከረችም። ካሴቱን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች፤ አትለቀውም፣ አትወስደውምም።

«በምትኩ ሌላ ክር ብሰጥዎትስ?» አልኩ፤ አፌ ከእኔ ቀድሞ።

«አለህ?»

ቦርሳዬን ከፈትኩ። ካውቦዩን አወጣሁ። አያ ይርጋ ጫፉን ስበው ሲወጥሩት እዚያው ተበጠሰ፤ አንዴ፣ ደግሞ ሌላ ጊዜ። የካራቴው ሻግቷል፤ ነጭ ዱቄት ጣታቸው ላይ ቀረ፤ አያብለጨልጭም። «ይኸንስ ወፉ ይበላዋል እንጅ አይፈራውም» አሉ።

«ሌላ የለህም?»

«የለኝም» አልኩ። ባንቺአምላክ ቀና ብላ አየችኝ። ከደምበጫ ሦስት ካሴት እንዳገኘሁ በስልክ ፎክሬላት ነበር። ከዚያ ዓይኗን ወደ ካሴቱ መለሰች፤ ብትናገር ይሻለኝ ነበር።

ፎጣውን ፈታሁ። ሣር የበቀለበትን ጨረቃ ለመጨረሻ ጊዜ አየሁት። አያ ይርጋ ክሩን ስበው ወጠሩት፤ በጣታቸው መቱት፤ ጥርት ብሎ ጮኸ። «እሰይ! ይኸ ነው ክር ማለት» አሉ።

እሳቸው ችካሉን ይተክላሉ፣ እኔ ክሩን ከውስጡ እየመዘዝኩ በወንዙ ዳር እሄዳለሁ። ከተማሪነቴ ጀምሮ የፈለግኩትን ፊልም አንዲት ምስል እንኳ ደግሜ ሳላይ በገዛ እጄ ስንዴ ላይ ዘረጋሁት። አዘንኩ፤ ምን እዋሻለሁ። ነፋሱ ሲመጣ ከሁሉም በላይ የጮኸው የጨረቃው ነበር።

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉ አያ ይርጋ፣ የልየውን ክር ከችካሉ ላይ እየቆረጡ። «ውሰጅ ልጄ። አሁን ቶሎ ሂዱ፤ በዚህ መንገድ ማምሸት ደግ አይደለም።»

አመሻሽ፤ ቡሬ

ያረፍንበት ሆቴል ባለቤት ሳሎን ውስጥ ያለውን ወፍራም ቴሌቪዥን ፈቀዱልን። ካሴቱን በጠረጴዛ ላይ ፈትቼ የተቆረጠውን ጫፍ ከመጠምጠሚያው ጋር በስኮች አያያዝኩ። ማጫወቻዬ ያረጀ ነው፤ ካሴት መብላት ያውቅበታል። ከተነከሰ ሁለተኛ ዕድል የለም።

አስገባሁት። መስመር መስመር ያለው ምስል መጣ፤ የመቃብር ቦታ፣ ጭጋግ፣ የሚከፈት ሣጥን። ድምፅ የለም። ባንቺአምላክ ወንበሯን ወደ ፊት ጎተተች። ሣጥኑ ሊከፈት ሲል መብራት ጠፋ።

በጨለማ ተቀምጠን ጠበቅን። ክሩ ማጫወቻው ውስጥ ተጠምጥሞ ነው ያለው፤ ልነካው አልደፈርኩም። ውጭ የመኪና ድምፅ የለም፤ ከተማው ገና በጊዜ በሩን ዘግቷል። ስንት ጊዜ እንደቆየን አላውቅም። መብራቱ ሲመለስ ማጫወቻው አንድ ጊዜ አቃሰተ፤ ከዚያ ዞረ።

«…ተመልከቷት እንግዲህ!» አለ አንድ ወፍራም፣ የሚንከባለል ድምፅ። «ስንት ዘመን አፈር ውስጥ ተኝታ ዛሬ ራበኝ ብላ ተነሳች! ምነው እቴ፣ ጾሙ እስኪፈታ ብትታገሽ!»

ከድምፁ ኋላ የቪዲዮ ቤቱ ሰው ይስቃል። ባንቺአምላክ አፏን በሻርፗ ያዘች። ሟቿ ነጭ ለብሳ ወደ መንደሩ ትሄዳለች፤ ከአፏ ደም ይወርዳል፤ ልየው ከኋላዋ እየተከተለ ይናገራል። ከዚያ ከተመልካቹ መካከል ሕፃን አለቀሰች።

ተርጓሚው ቆመ። ፊልሙ ያለ ድምፅ ይሄዳል።

«ማን ናት?» አለ። «የኔዋ ናት እንዴ? ወዲህ በሏት። ስጭኝ፣ ስጭኝ፤ አንች ፊልምሽን እይ።»

ማይኩ ተንኮሻኮሸ። ለቅሶው ቀረበ፤ ማይኩ አጠገብ ሆነ።

«አይዞሽ፣ አይዞሽ» አለ ልየው፤ ያ ሁሉ ነጎድጓድ ከድምፁ ጠፍቶ። «ቀለም ነው እኮ፣ ደም አይደለም። ሴትዮዋም አልሞተችም፤ ለደሞዟ ነው።»

«ኧረ ልየው፣ አታበላሽብን!» ብሎ አንዱ ከኋላ ጮኸ፤ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ለቅሶው ቀስ በቀስ በረደ፣ ቆመ፤ ማይኩ ላይ የሕፃን ትንፋሽ ብቻ ቀረ።

ከዚያ ልየው ትርጉሙን ቀጠለ፤ በሹክሹክታ። ሟቿ በር ትሰብራለች፣ ሰው ይጮኻል፣ መንደሩ ይቃጠላል፤ እሱ ሁሉንም በሹክሹክታ ይተረጉመዋል። ተመልካቹም አልተቆጣም፤ አብሮት ዝም አለ።

የሆቴሉ ባለቤት ድምፁ የተበላሸ መስሏቸው ለመጨመር ወደ ቴሌቪዥኑ እጃቸውን ዘረጉ።

«ይተዉት» አለቻቸው ባንቺአምላክ ዓይኗን ከምስሉ ሳትነቅል። «ተኝቻለሁ።»