ክሩ ከተፈታ በኋላ

ባሌ ቬላዩታም ይባላል። ስሙን የምነግራችሁ እዚህ ስለሌለ ነው፤ በእኛ ዘንድ ፊት ለፊት ባልን በስሙ መጥራት ነውር ነው። አንቱ፣ ወይም በልጃችን ስም የፑንኮዲ አባት እለዋለሁ፤ ከኋላው ግን ያው እሱ ነው። እንደ አባቱና እንደ አያቱ ቤተ መቅደስ የሚሠራ፣ የአማልክት ምስል የሚጠርብ ሰው ነው። ሩዙ ቀርቦለት እየቀዘቀዘ የአንዲት ጣት ጥፍር ሲያለሰልስ ይውላል። ለመሆኑ ድንጋይ ምን ይቸኩላል?

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት የመንደራችንን አምላክ፣ የእናታችንን የማሪያማንን ምስል ሲጀምር፣ ካህኑ በእርድ የተነከረ ክር ቀኝ እጁ ላይ አሰረለት። ክር የታሰረለት ሰው የምስሉ ዓይን በመጨረሻ ተቀርጾ እስኪከፈት ድረስ ከመንደሩ ወሰን አይወጣም። ወሰናችን የመስኖው ቦይ ነው። ዘጠኝ ወር ሙሉ አልተሻገረውም።

ዓይኗ ሊከፈት ሦስት ቀን ሲቀረው ወንድሙ ከኩምባኮናም ከተማ ደወለ። እናታቸው እህል አልቀምስም ብለዋል፤ "ትልቁ ልጄ መጣ?" እያሉ በር በሩን ያያሉ። ከአልጋ ማንሳት አይቻልም። ባሌ ስልኩን ዘጋና መሮውን አነሳ።

ምሳውን ይዤለት ስሄድ የማሪያማንን የግራ ጉልበት እያሳሳ ነበር። መታ አደረገው። ደህና ድንጋይ ሲመቱት እንደ ደወል ይጮሃል፤ ይሄ ግን ድፍን ያለ ድምፅ አወጣ፣ እንደተሰነጠቀ እንስራ። ሠላሳ ዓመት ከጠራቢ ጋር ኖሬ ይህን ድምፅ አጣዋለሁ? ውስጧ ስንጥቅ አለ። ስንጥቅ ላለበት ምስል አይሰገድም። ሌላ ድንጋይ ተፈልጎ ከሀ ይጀመራል፤ ክሩም ሌላ ዓመት እጁ ላይ ይከርማል።

"ሰማሽ?" አለኝ።

"ምኑን?"

"ሴንባጋም፣ አትቀልጂብኝ።"

"ሰማሁ። ሌላ የሰማ አለ?"

ዙሪያውን ቃኘ። "የለም።"

"እንግዲያው ዝም ይበሉ፣ የፑንኮዲ አባት። እናትዎ ሌላ ዓመት አይጠብቁም።"

"አባቴ ቢሰማ ምን ይል ነበር?"

"አባትዎ ሞተዋል። ያልሞቱት እናትዎ ናቸው።"

አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኩት። አልክድም።

ሐሙስ ዕለት በመጋረጃ ተከልሎ በወርቅ መሮ ዓይኖቿን ከፈተ። ከዚያ ወዲያ የካህናቱ ናት፤ የሠራት ሰው እንኳ አይነካትም። ክሩ እንደተፈታለት ቦዩን ተሻገርን።

አማቴም የጠራቢ ሚስት ናቸው። እጁን ይዘው የጠየቁት ስለ ልጅ ልጆቻቸው አልነበረም። "የማሪያማን ድምፅ እንዴት ነው?" አሉት።

"እንደ ደወል ነው፣ እማ።"

"እሰይ፣ የአባትህ ልጅ" አሉ። በማግስቱ አረፉ። አስከሬናቸው ላይ እሳቱን ለኩሶ ወደ መንደር ተመለሰ።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ቦዩን ተሻግሮ አያውቅም። በየማክሰኞው ካህናቱ ምስሏ ላይ ወተት ሲያፈሱ ከሕዝቡ ኋላ ቆሞ ጉልበቷን ብቻ ያያል። ልጅ አጥታ የኖረች ጎረቤታችን ለእሷ ተስላ ወለደች፤ ልጅቷንም ማሪ አለቻት። ያን ቀን ባሌ እራት አልበላም።

"በቃ ይናገሩና ይገላገሉ" አልኩት።

"ለማሪ እናት ምን ልበላት? የተሰነጠቀ ድንጋይ ነው የሰማሽ ልበላት?"

ዝም ያሰኘሁት እኔ፣ ዝም ያልኩትም እኔ።

ባለፈው ወር ከማዱራይ ሰዎች መጥተው ትልቅ ቤተ መቅደስ እንዲሠራላቸው ለመኑት። ዕድሜ ልኩን የተመኘው ሥራ ነው። "እኔ በሌለሁበት ምስሏ ለሁለት ብትከፈልስ?" አለኝ በጆሮዬ፣ ለእነሱ ደግሞ አርጅቻለሁ አላቸው። ሊሸኛቸው እስከ ቦዩ ሄደ፤ ተከተልኩት። መኪናቸው ድልድዩን አልፎ ሲሄድ እሱ ዳር ላይ ቆሞ ቀረ። በግራ እጁ ክሩ የነበረበትን የቀኝ እጁን አንጓ ያሻል።

አላስቻለኝም። "ቬላዩታም" አልኩት፣ "ተሻገር።"

በሕይወቴ በስሙ ስጠራው የመጀመሪያዬ ነው። ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢቆጣ ምንኛ ደስ ባለኝ።

"ምሳ ደርሷል?" አለኝ፣ ወደ ቤት እየዞረ።