ከአሥር ስንት ያመዎታል?

ሥራ የጀመርኩ ቀን የሰጡኝ ክፍል የተሰበሩ አልጋዎች የሚጣሉበት ነበር። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ ብል የሚገባው ሰው አልነበረም። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ የምደባ ደብዳቤዬን አገላብጣ አየችና "ወጌሻ ነሽ?" አለችኝ። "አይደለሁም፣ እኔ በዩኒቨርሲቲ..." ብዬ ስጀምር "ያው የተማረ ወጌሻ" ብላ መዝገቡ ላይ አሰፈረችው። አልጋዎቹን እኔው እየገፋሁ ከግድግዳ አስጠጋሁ፣ በአንዱ ላይ ፍራሽ አነጠፍኩና የመጀመሪያ ታካሚዬን ጠራሁ።

የሆስፒታሉን ስም አልጽፍም። በጋይንት በኩል ነው፣ ይበቃል። ጡረታ ልወጣ ጥቂት ቀርቶኝ አሁን ከማን ጋር ልጣላ?

ለብዙ ዓመት መሣሪያዬ ሁለት እጄ፣ የላስቲክ ገመድና የሙቅ ውሃ ከረጢት ነበር። ተረከዙን የሚያመው ሰው ግን ከእስቴም ከስማዳም ይጎርፍ ነበር። ገበሬው ቀኑን ሙሉ ሞፈር ተከትሎ፣ ካህኑ በባዶ እግሩ ድንጋይ ላይ ቆሞ፣ መምህሩ ከሰሌዳ ፊት ተገትሮ። የሚሉት ሁሉ አንድ ነው። ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ የመጀመሪያዋ እርምጃ ሚስማር የረገጡ ያህል ታማለች፣ ትንሽ ሲሄዱ ትለቃለች፣ ሲመሽ ትመለሳለች። ባታቸውን በግድግዳ ተደግፈው እንዲያፍታቱ አስተምራቸዋለሁ። እነሱ ደግሞ "መርፌ የለሽም?" ብለውኝ ይሄዳሉ።

ታዲያ በቅርብ ዓመታት ሾክዌቭ የሚባለው ማሽን በእርዳታ መጣ። ሳጥኑ ግምጃ ቤት ወራት ከረመ። ንብረት ክፍሉ "የገቢ ደረሰኙ፣ ሞዴል 19፣ ሳይቆረጥለት አይነካም" አለ። ሞዴል 19 የሚቆርጠው ሰው ሥልጠና ሄዶ ነበር። እሱ ሲመለስ ደግሞ የደረሰኙ ፓድ አልቆ ተገኘ። እኔ በሄድኩ በመጣሁ ቁጥር ሳጥኑን እየዳበስኩ አልፍ ነበር፤ ምን ላድርግ!

ለማያውቁት ላስረዳ። እጀታው ሽጉጥ ይመስላል። ተረከዙ ላይ ጄል ቀብተን እናስጠጋዋለን፤ ታታታታ እያለ ሁለት ሺህ ጊዜ ይመታል። አሥር ደቂቃ አይሞላም፣ ማደንዘዣም የለውም። ሰውነት ሳይጠግነው የተወውን ጅማት እንደገና እንዲያስታውሰው መቀስቀስ ነው። በሳምንት አንዴ፣ ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ይደረጋል። አንድ ሁለት ቀን ያሳብጣል፣ ያሳምማል፤ ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው። የምቱን ጉልበት የምንወስነው ደግሞ ታካሚውን ጠይቀን ነው። "ከአሥር ስንት ያመዎታል?" እንላለን። አምስት፣ ስድስት ካለ ደህና ነው፤ ካለፈ እንቀንሳለን።

ኃላፊያችን አቶ ጌጡ "ሪባን ሳይቆረጥ ሥራ አይጀመርም" አሉ። ተቆረጠ። ለፎቶው ታካሚ ያስፈልጋል ሲባል፣ ሁለቱም ተረከዛቸው ጤነኛ የሆነው አቶ ጌጡ ራሳቸው ጫማቸውን አውልቀው ተጋደሙ። በዝቅተኛው ጉልበት ገና ሦስቴ እንደመታሁ "ኧረ በእናትሽ! ኧረ በማርያም!" ብለው ካሜራ የያዘውን የኮሙኒኬሽን ባለሙያ ረገጡት።

"ከአሥር ስንት?" አልኩ፣ እንደ ደንቡ።

"አሥራ አምስት!"

ፌስቡክ ላይ የወጣው ፎቶ ፈገግ ብለው ያሳያል። የተነሣው ከመምታቴ በፊት ነው።

ሪባኑ በተቆረጠበት በጥቅምት መሪጌታ ኅሩይ መጡ። ከወገዳ ወዲያ ካለ ደብር ናቸው፤ ድጓቸውን እዚሁ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ያስመሰከሩ የዜማ ሊቅ። ቀኝ ተረከዛቸውን ሁለት ዓመት አሟቸዋል። የደብሩ ንግሥ ጥር ላይ ነው። ሰበካ ጉባኤው "በንግሡ ቀን መቆም ካልቻሉ ወንበር ላይ ይቀመጡና ሌላ ሰው ይምራ" ብሏቸዋል።

"ተቀምጦ የሚመራ መሪጌታ አይተሽ ታውቂያለሽ ልጄ?" አሉኝ። ዓይናቸው ውሃ ሞልቶ ነበር።

የሕመም መለኪያውን ካርቶን ሰጠኋቸው። ከዜሮ እስከ አሥር ፊቶች ተሥለውበታል፣ ከሚስቀው እስከሚያለቅሰው። መነጽራቸውን አድርገው አዩትና "ይህ የመጨረሻው ምን ሆኖ ነው የሚያለቅስ?" አሉ።

"አሞት ነው፣ መሪጌታ።"

"እግዚአብሔር ይማረው" ብለው መለሱልኝ።

ጀመርኩ። "ከአሥር ስንት?" "ተመስገን።" ጨመርኩ። "አሁንስ?" "ኧረ ተመስገን፣ ምን እላለሁ።" ደግሞ ጨመርኩ። "አምላክ ይመስገን።" ታካሚ ማለት እንዲህ ነው አልኩ በልቤ፤ አቶ ጌጡ ትዝ እያሉኝ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። በሁለተኛው ሳምንት ማሽኑ የሚችለውን ያህል ወሰድኩት። መርቀውኝ ወጡ። በሩን ይዘው ትንሽ ቆመው ነበር፤ እኔ ጄሉን እየጠረግሁ ነበርና ልብ አላልኩም።

በሦስተኛው ሳምንት እሳቸው ቀሩ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ስመኝ መጡ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

"አንች ልጅ! ባሌን ምን አድርገሽው ነው? ከአልጋ እስከ ደጅ በጉልበቱ እኮ ነው የሚድኸው! ተረከዙ ጠቁሯል!"

"እማማ፣ እኔ በየመሃሉ ያመዎታል ወይ ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ።"

"ምን አለሽ?"

"ተመስገን አሉኝ።"

"ኧረ በሞትኩት! እሱ ተመስገን ያላለው መቼ ነው? ያ ሸጋ በሬያችን ገደል የገባ ቀንም ተመስገን ነው ያለው! ጥርሱን ሲነቅሉትም ተመስገን ነው ያለው!"

ባላቸውን በሰው ፊት "እሳቸው" ነበር የሚሉት፤ ያን ቀን ግን "እሱ" አሉ። እኔም በጣም አፈርኩ። እዚህ አገር ተወልጄ አድጌ፣ ትልቅ ሰው "አመመኝ" ብሎ እንደማይናገር እያወቅሁ፣ ከውጭ የመጣ ካርቶን ይዤ ቁጥር ስጠብቅ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ማሽኑ ምን አደረገ? ወይዘሮ ስመኝን ይቅርታ ጠየቅኋቸውና የጠቆረው እስኪለቅ ሁለት ሳምንት አረፍን።

አቶ ጌጡ ሲሰሙ ተቆጡ። "እኔ እኮ 'ድኗል' ብዬ ሪፖርት ልኬያለሁ!"

"ገና ሁለቴ ነው የታከሙት፤ ቢሻላቸውም በሳምንታት ነው" አልኳቸው።

"ፎርሙ 'የዳነ' እና 'ያልዳነ' ነው የሚለው። ሳምንታት የሚል ሳጥን የለውም። ሰውዬውን አታበላሺብኝ!"

መሪጌታ ሲመለሱ እያነከሱ ነበር። ተጋደሙ፤ እኔ ማሽኑን እስካዘጋጅ ዜማ ያንጎራጉራሉ። በአውራ ጣቴ ተረከዛቸውን ጫን አደረግሁ። ማንጎራጎሩ ቆመ። ለቀቅሁ፤ ቀጠለ።

"አመመዎት?"

"ተመስገን።"

ደግሜ ተጫንኩ፤ ደግሞ ቆመ። "መሪጌታ፣ እባክዎ ድምፅ አውጥተው ያዚሙልኝ።"

"እዚህ? በሐኪም ቤት?"

"ለሕክምናው ነው።"

ተግደርድረው ጀመሩ። ከዝቅተኛው ተነሣሁ፤ ዜማው እንደ ልቡ ይሄዳል። ትንሽ ጨመርኩ፤ ይሄዳል። አሁንም ትንሽ ጨመርኩ፤ አንድ ቦታ ላይ ድምፃቸው ተንቀጠቀጠና ትንፋሽ አጠራቸው። ወዲያው ቀነስኩ፤ ተስተካከለ። ጉልበቱን እዚያው ላይ ተውኩት።

"ከአሥር ስንት?"

"ተመስገን።"

"እሺ፣ ይቀጥሉ።"

ሦስት ሳምንት እንዲህ ሠራን። ሠራተኛው በር ላይ ተኮልኩሎ ይሰማል። አቶ ጌጡ ለፌስቡክ ሊቀርጹ ስልካቸውን ደግነው ሲመጡ በሩን ፊታቸው ላይ ዘጋሁት። መሪጌታን ደግሞ በታከሙ ቁጥር ለሁለት ቀን ረጅም አቋቋም እንዳይቆሙ፣ ማሽኑ የቀሰቀሰውን መልሶ እንዳያስተኛው ከፋርማሲ የሚገዛውን የሕመም ማስታገሻ እንዳይወስዱ፣ ባታቸውን በየጠዋቱ እንዲያፍታቱ አስጠነቀቅሁ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በባዶ እግር መቆሙ ግድ ስለሆነ አጎዛ አጥፈው ተረከዛቸው ሥር እንዲያደርጉ መከርኳቸው። "ንግሡ እስኪደርስ ይለቀኛል?" ሲሉኝ "አላውቅም" አልኩ። እውነቱ ይኸው ነበር።

ጥር ደረሰ። ካልመጣሽ እቀየምሻለሁ ስላሉኝ ከወገዳ ወዲያ ድረስ በዚያ መንገድ እየተንገጫገጭኩ ሄድኩ። ታቦቱ ወጥቶ፣ ሊቃውንቱ በሁለት ረድፍ ቆመው፣ ከበሮው ይመታል። መሪጌታ ከፊት ናቸው፣ መቋሚያቸውን ይዘው። ወንበር የሚባል ነገር በአካባቢው አልነበረም። ሰው ሁሉ ወደ ታቦቱ ይመለከታል፤ እኔ፣ ይቅር ይበለኝና፣ የመሪጌታን ቀኝ ተረከዝ። ከፍ ይላል፣ ይወርዳል፣ መሬቱን ይረግጣል። ዜማው አንድም ጊዜ አልተቋረጠም። እሰይ! አልቅሻለሁ፣ ምን ይደረግ።

ሲያበቃ ሰው መሃል አገኙኝና መረቁኝ።

"እንዴት ነው ተረከዝዎ?"

"ተመስገን።"

"መሪጌታ!"

ግራ ቀኙን አዩ። ወይዘሮ ስመኝ ራቅ ብለው ከሴቶች ጋር ያወራሉ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና "ሦስት" አሉኝ። "ለማንም እንዳትነግሪ።"

ስማቸውን የቀየርኩት ለዚህ ነው።

አዲስ ለምትገቡ ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው። ከዝቅተኛው ጉልበት ጀምሩ። ትንፋሽ ስሙ፣ የእግር ጣት ሲኮማተር እዩ። ተመስገን ቁጥር አይደለም።