የታችኛው መስመር

ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው፤ የሚጠራው ፍሬን እየተባለ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ቁልቁለት ላይ ቀርቶ ሜዳ ላይ እንኳ እግሩ ከፍሬኑ አይነሣም ነበርና ተሳፋሪዎች ያወጡለት ስም ጡረታ ሲወጣ አብሮት ቤት ገባ። ባለቤቱም ሲያዘገያት «አንተ ሰውዬ፣ ፍሬኑን ልቀቀውና እንሂድ» ትለው ነበር። እሷ ፈጣን ነበረች፤ እጇም ምላሷም። ከመንገዱ ዳር ባለችው ጠባብ ክፍል የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ሥራ ከፍታ ቤቱን ያቆመችው እሷ ናት።

ደንበኞች በፍላሽ ይዘውት የሚመጡት ቫይረስ ኮምፒውተሯን ደጋግሞ ሲያበላሽባት ጊዜ፣ አንድ ቀን ቆርጣ የነበረውን ሲስተም አስወጥታ ሊኑክስ የሚባለውን አስገባች፤ ያውም ሆዱ የተቆለፈውን ዓይነት። በዚህኛው ላይ ማንም እንዳሻው ገብቶ ሲስተሙን መነካካት አይችልም። አፕዴት ሲመጣም በነበረው ላይ አይለጠፍም፤ ሌላ ሙሉ ቅጂ በጎን ይዘጋጅና ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እስኪበራ ይጠብቃል። ሲበራ ጥቁር ገጽ ላይ ሁለት መስመር ይመጣል፤ የላይኛው አዲሱ ነው፣ የታችኛው የበፊቱ። «ዛሬ ካስቸገረኝ ትናንት ውስጥ እገባለሁ» ትል ነበር። ፍሬን ሻይዋን እያቀረበ ይሰማታል። ስለ ኮምፒውተር በጭንቅላቱ የቀረችው ይህች አንዲት ነገር ናት።

የመጨረሻው ቀን የሒሳብ መምህሩን ፈተና እየጻፈች ነበር። ምሳ ሰዓት ግድም ደረቴን ከበደኝ አለች። ትንሽ ጋደም ልበልና እጨርሰዋለሁ ብላ ከመጋረጃው ጀርባ ወዳለው አግዳሚ ሄደች። በዚያው ቀረች።

ሱቁ እንደገና ሲከፈት ኮምፒውተሩ እንደበራ ነበር። ዓይኗ ደክሞ ስለነበር ፊደሉን አጉልታዋለች። «አንድ የውሃ ታንከር ግማሹ ሞልቷል። ከዚህ ላይ ሦስት ባልዲ ቢቀዳ» ይላል፤ ከዚያ ወዲያ የለም። የሚጻፈው ፊደል የት እንደሚገባ የምታሳየው ቀጭን መስመር ብቻ ከቃሉ ቀጥላ ብልጭ ድርግም ትላለች። መምህሩ መጥቶ አየውና የእጅ ጽሑፉን ይዞ ወጣ፤ ሌላ ቦታ አስጻፈው።

ከዚያ ወዲህ ፍሬን ኮምፒውተሩ እንዲጠፋ አልፈቀደም። ሥራውን የተረከበችው ልጁ ናት። ቀን የእናቷን ገጽ ዝቅ አድርጋ በሌላ ገጽ ትሠራለች፣ ሱቁ ሊዘጋ ሲል መልሳ ትገልጠዋለች፤ እሱም ከፊቱ ቁጭ ብሎ ያያል። አዲሱ ቅጂ ዝግጁ ነው፣ ሪስታርት ያድርጉ የሚል ማስታወቂያ በማያ ገጹ ጥግ ብቅ ሲል «በኋላ» የሚለውን የሚጫነው እሱ ነው። መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጊዜው በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ ይጮሃል፤ ፍሬን ከሥሩ ተቀምጦ፣ የታመመ ሰው እንደሚያስታምም፣ መብራቱ እስኪመለስ ትንፋሹን ይቆጥባል። የጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ በበሩ አንገቱን ብቅ እያደረገ «ጋሼ ፍሬን፣ ሞተሩን ሳታጠፋ ልትከርም ነው? ነዳጁን ማን ይችለዋል?» ይለዋል። ፍሬን ፈገግ ይልለታል።

በመጨረሻ የተሸነፈው ፕሪንተሩ ነው። አሮጌው ወረቀት እየቦጨቀ አላሠራ ሲል ልጅቱ ሌላ ገዛች። አዲሱን ለማሠራት ሲስተሙ ውስጥ የሚገባ ፕሮግራም አስፈለገ። አስገባችው፤ ነገር ግን በዚህ ዓይነቱ ሊኑክስ ላይ እንዲህ ያለው ነገር የሚገባው በጎን ወደተዘጋጀው ቅጂ ነውና፣ ጠፍቶ ካልበራ ፕሪንተሩ ከጌጥ አይለይም። ለማተም የመጣ ደንበኛ ሁሉ ይቅርታ እየተባለ ወደ ማዶው ሱቅ መሻገር ጀመረ። በዚህ መሐል የሒሳብ መምህሩ ተመልሶ መጣ። የዘንድሮውን ፈተና አንቺው ጻፊልኝ፣ ነገ ጠዋት መጥቼ እወስዳለሁ አላት። ልጅቱ እሺ አለች። ጽፋ ስትጨርስ ወደ አባቷ ዞረች።

«የእማዬን ፋይል ሴቭ አድርጌዋለሁ። አሁን እናጥፋው አባዬ።»

«ፋይሉን አላልኩም። እሷ እንዳቆመችው ሆኖ ይመለሳል ወይ?»

ልጅቱ የፕሪንተሩን ገመድ ታቃና ነበር። «የታችኛውን መስመር ከመረጥክ የበፊቱ ይመጣል» አለች። የተናገረችው እውነት ነው። ቀና ብላ ግን አላየችውም።

ፍሬን ያቺን የባለቤቱን ንግግር አስታወሰ፤ ትናንት ውስጥ እገባለሁ ትል የነበረውን። እንግዲያውስ ምን ያስፈራል አለና ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ሪስታርቱን የተጫነው በገዛ ጣቱ ነው። ስክሪኑ ጠቆረ፣ ሁለቱ መስመሮች መጡ፤ እሱም ፌርማታ እንዳያልፈው እንደሚጠነቀቅ ሰው አንገቱን አስግጎ የታችኛውን መረጠ።

የበፊቱ መጣ። ያው ሰማያዊ ምስል፣ ያው ሰዓት በጥጉ። የባለቤቱ ገጽ ግን አልነበረም። ልጅቱ ከኋላው ሆና ፋይሉን ከፈተችለት፤ ከላይ ጀመረ፤ የትምህርት ቤቱ ስም፣ ክፍል፣ መመሪያ፤ ፊደሉ ደቃቅ። ፍሬን የተመለሰው ቤቱ ብቻ እንደሆነ፣ በቤቱ ውስጥ ሲሠራ የነበረው እጅ እንዳልተመለሰ ገባው።

«ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር» አለች። «ብነግርህ አታጠፋውም። ካላጠፋኸው ደግሞ ሱቁን መዝጋታችን ነው።»

«ብትነግሪኝ ሰንበት ብዬ እኔው አጠፋው ነበር።»

«እስከ መቼ ሰንበት ብለህ?» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «በየምሽቱ ያንን ገጽ የምገልጥልህ እኔ ነኝ አባዬ። እኔም አየዋለሁ። አንድ ቀን እንኳ አንቺስ እንዴት ነሽ አላልከኝም።»

ፍሬን ወደ ስክሪኑ ዞረ። ቀስ እያለ ወደታች ወረደ፣ ታንከሩን የሚናገረውን ጥያቄ አገኘው፣ እሷ ስታደርግ እንዳየው ፊደሉን አጎላ። ከመጨረሻው ቃል ጎን ጠቅ አደረገ። መስመሯ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች።

«እዚህ ጋ ነበረች» አለ።

ልጅቱ በትከሻው ላይ እጇን አሳልፋ በቃልና በቃል መካከል ክፍት ቦታ የሚሰጠውን ረጅሙን ቁልፍ አንድ ጊዜ ነካችው። መስመሯ አንድ ፊደል ያህል ፈቀቅ አለች።

«እዚህ። የሚቀጥለውን ቃል ልትጀምር ነበር።»

ፍሬን ያን ሁሉ ጊዜ ፊቱ ተቀምጦ ይህን አላስተዋለም ነበር። ልጁ አስተውላለች።

አዲሱ ፕሪንተር በዚህኛው ላይ አይሠራም። ፕሮግራሙ ያለው ከላይኛው ጋር ነው፤ መምህሩ ደግሞ ጠዋት ይመጣል። ፍሬን ይህን ማንም እስኪነግረው አልጠበቀም። ገጹን ራሱ ዘጋው፣ እንደገና ሪስታርት አደረገ። ሁለቱ መስመሮች መጡ። ከሥራቸው የሰከንዶች ቁጥር ወደታች መቁጠር ጀመረ፤ ማንም ካልነካው የላይኛው በራሱ ይነሣል። ፍሬን ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አኖረ። ቀኝ እግሩ ከጠረጴዛው ሥር ወለሉን ተጭኖ ይዟል። ቁጥሩ አለቀ።

ፕሪንተሩ አጉረመረመና የመጀመሪያውን ገጽ አወጣ። ፍሬን ከወንበሩ ተነሥቶ ለልጁ ለቀቀላትና በሩ ላይ ቆመ።

«እንዴት ነሽ?» አለ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ እንዳዞረ።

ልጅቱ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ እየመታች ጠርዛቸውን ታስተካክላለች። ፕሪንተሩ ይጮሃል። አልሰማችው እንደሆነ፣ ወይ ሰምታው እንደሆነ፣ ፍሬን ዞሮ አላየም።