ጨፌ ነው እንጂ ካፌ አይደለም

ሰሚያ በ2004 ዓ.ም. ጎባ ኮምፒውተር ተምራ ስትመለስ ሁለት ያገለገሉ ኮምፒውተሮችና አንድ ገመድ አልባ ሞደም ይዛ ነበር። ስክሪኖቹን በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ የሳነቲን አምባ ተሻግራ፣ ሐረና ጫካ ውስጥ ወዳለችው ትንሽ ከተማ ወደ አንገቱ ወረደች። ከዚያ በፊት የአንገቱ ተማሪ የፈተና ውጤቱን በኢንተርኔት ለማየት ጎባ ወይም ሮቤ ድረስ መሄድ ነበረበት።

ክፍል የሰጧት ሐጂ ዘይነዲን የሚባሉ ቡና ነጋዴ ናቸው።

"እስከ ቡና ለቀማ ሥሪበት" አሏት። "ሰው ካልመጣ ግን ቡናዬን አስገባበታለሁ።"

ሱቁን ቤተሰቦቿ ከብት በሚያሰማሩበት ለምለም መስክ ስም ጨፌ አለችው። ማስታወቂያውን በኦሮምኛው ፊደል በቁቤ አስጻፈች። በቁቤ "ጨ" የሚጻፈው በላቲኑ ፊደል "ሲ" ስለሆነ፣ ቁቤ ያልተማረ ሰው "ካፌ" ብሎ ያነበዋል። ሰሚያ ይህን አላሰበችበትም።

ሱቁ በተከፈተ ሰሞን ሀይሉ የሚባል የጎባ አይሱዙ ሹፌር ገብቶ ወንበር ሳበ።

"እህቴ፣ አንድ ማኪያቶ።"

"ማኪያቶ የለም። ኢንተርኔት ቤት ነው።"

"ውጭ ካፌ ብለሽ ለጥፈሽ?"

"ጨፌ ነው እንጂ ካፌ አይደለም!"

"እሺ፣ ጨፌውስ ሻይ የለውም?"

አልነበረውም። ከሀይሉ በኋላ የመጡ መንገደኞችም ያንኑ ጠይቀው ወጡ። ለኢንተርኔት የመጡት ደግሞ መስመሩ ቀርፋፋ ስለነበር ገጹ ሳይከፈት ሰልችቷቸው ይሄዳሉ። ለቀማው ሲቃረብ ሱቁ ባዶ ነበር።

ሰሚያ ትልቅ ፔርሙስና ብርጭቆዎች ገዛች። ሻይ የያዘ ሰው አይቸኩልም፤ አንዱ ገጹ እስኪከፈት ይጠጣል፣ ሌላው ሊጠጣ ገብቶ ተራ ይይዛል። መምህራን ኢሜል አወጡ፤ ተማሪዎች የዩኒቨርሲቲ ምደባቸውን እዚያው አዩ።

ለቀማው ሲጀመር ሐጂ ሁለት ጆንያ የተሸከሙ ወዛደሮች አስከትለው መጡ። ክፍሉ ሞልቷል። አንድ መምህር ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀላቸው።

"ይቀመጡ ሐጂ" አለች ሰሚያ።

"ልቀመጥ አይደለም የመጣሁት። ክፍሌን ልወስድ ነው።"

"እስከዚያው የዛሬውን የአዲስ አበባ የቡና ዋጋ ላሳይዎት።"

ሐጂ ተቀመጡ። ሻይ ቀረበላቸው። ገጹ ከላይ ጀምሮ መስመር በመስመር ወረደ።

"ይሄ ነገር በአርሲ ዞሮ ነው እንዴ የሚመጣው?" አሉ፤ ቤቱ ሳቀ።

ሁለተኛውን ብርጭቆ ሲጀምሩ ቁጥሮቹ ታዩ። ሐጂ ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። ከትከሻቸው በላይ ሌላ ቡና ነጋዴ አንገቱን አስግጎ ነበር።

"አንተ! ዞር በል፣ የራስህን አስከፍት!"

ከበር አንዱ ወዛደር "ሐጂ፣ ጆንያውን እናስገባ?" አለ።

"ለኪ፣ አይሆንም፣ ተው። ወደ ቤት መልሱት" አሉ ዓይናቸውን ከዋጋው ሳያነሡ። ከዚያ ብርጭቋቸውን ለሰሚያ ሰጧት።

"ነገ ስመጣ ለእኔ ስኳሩን ቀንሺ።"